ብርሃን ሰረቀ

ሬሳው በደረቱ ተደፍቶ ነበር፤ የድንጋዩ ብናኝ ግን ያረፈው በጀርባው ላይ ነበር።

መርማሪው ይህን ካየ በኋላ ለማንም ሳይናገር ከበሩ እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ በሩ ይመላለስ ጀመር። የቤተ መዘክሩ ግምጃ ቤት ረጅምና ጠባብ ነው። በግራና በቀኙ የብረት መደርደሪያ ቆሟል፤ በመካከሉ ጠርዙ በብረት የተለበጠ ከባድ ጠረጴዛ አለ። በጠረጴዛው ላይ አገሩን ሁሉ አራት ወር ሲያነጋግር የከረመው ድንጋይ ተሰባብሮ ተበትኗል። ከሟቹ ቀኝ እጅ አጠገብ መዶሻ ወድቋል።

ሟቹ ጡረታ ከወጣም በኋላ ከዚህ ቤት ያልራቀ ሽማግሌ ነበር። ሥራው የጥንት ጽሑፍ ማንበብ ስለ ሆነ ሰዉ ሁሉ «አንባቢው» ይለዋል።

«ነገሩ ግልጽ አይደለም እንዴ፣ ጌታዬ?» አለ ዐሥር አለቃው። «ሽማግሌው ድንጋዩን በመዶሻ ሰበረ፤ ሲሰብር አንሸራተተው፤ ጭንቅላቱ የጠረጴዛውን ጠርዝ አገኘ። በድንጋይ ላይ የተነሣ ከድንጋይ በታች ይተኛል።»

«ተረቱን ከየት አመጣኸው?»

«አሁን ነው የሠራሁት።»

«እንግዲያው እጁን እይና ሌላ ሥራ። የመዶሻው እጀታ ነጭ ብናኝ ለብሷል፤ የሰውዬው መዳፍ ንጹሕ ነው። ብናኙ ጀርባው ላይ ነው። ድንጋዩ ሲሰበር ይህ ሰው ወድቆ ነበር ማለት ነው።»

ዐሥር አለቃው ቆቡን አወለቀ።

ድንጋዩ የከበረው በጽሑፉ ነበር። የአገሩ ምእመናን ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ታሪክ ይሰማሉ፤ አንድ ጻድቅ ከአሳዳጆቹ ሸሽቶ በደረቅ ጉድጓድ ሰባት ቀን ተደበቀ፤ በስምንተኛው ቀን በጉድጓዱ አፍ ብርሃን ወጣለት። ከአራት ወር በፊት ቆፋሪዎች አንድ የጥንት ጉድጓድ አገኙ፤ ከአፉም አጠገብ ይህን ድንጋይ። በላዩ በጥንቱ ቋንቋ የተቀረጹት ቃላት ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ሁሉም «በዝየ ብርሃን ሠረቀ» ብሎ አነበባቸው፤ እዚህ ብርሃን ወጣ ማለት ነው። ጋዜጦቹ «ታሪኩ ተረጋገጠ» ብለው ጻፉ። ባዶ የነበሩ የጸሎት አዳራሾች ሞሉ። አንባቢው ብቻ ዐይኑን እየታከመ ስለ ነበር «ሳላነብ አልናገርም» እያለ ቆየ። ከሐኪም ቤት የወጣው ባለፈው ሳምንት ነበር።

ሁለቱ ፖሊሶች ስብርባሪውን እየገጣጠሙ አንድ ሰዓት ፈጁ። ሁሉም ተገጠመ፤ ከሁለተኛው ቃል ማለቂያ እስከ ሦስተኛው ቃል መጀመሪያ ፊደል ግን የሁለት ጣት ስፋት ያለው ቦታ ባዶ ቀረ። ስባሪው ከጠረጴዛው ሥርም ከመደርደሪያው ኋላም አልተገኘም።

ከሟቹ የኮት ኪስ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ወጣች። በጥንቁቅ እጅ ሁለት ቃላት ተጽፈውባታል።

ብርሃን ሰረቀ።

«ይኸው የድንጋዩ ቃል» አለ ዐሥር አለቃው።

«አይደለም» አለ መርማሪው፤ በወጣትነቱ የተማረው ሰዋስው በአንደበቱ ላይ ሞቀ። «ሁለት ሰ አለ። በድንጋዩ ላይ ያለው ንጉሡ ሠ ነው፤ ያኛው ሠረቀ ወጣ ማለት ነው፣ ፀሐይ ስትወጣ እንደሚባለው። ይህ እሳቱ ሰ ነው፤ ይኼኛው ሰረቀ የሌባ ነው። የዱሮ ሰዎች ሲናገሩም ይለዩት ነበር፤ እኛ ከአፋችን ጠፍቶብን በዐይን ብቻ ቀርቶልናል።»

«ለእኔ በዐይንም አንድ ናቸው።»

«ሪፖርትህን ሁለት ጊዜ የማነበው ለዚህ ነው። አንባቢው ፊደል የሚስት ሰው አልነበረም። ሰረቀ ካለ፣ ሰረቀ ማለቱ ነው። ብርሃን የሚባል ሰው እዚህ ቤት አለ?»

ነበረ። የቤተ መዘክሩን ፎቶ አንሺ፣ በሄደበት ሁሉ መብራት ተሸክሞ ስለሚዞር፣ ባልደረቦቹ «ብርሃን» ይሉታል።

*

ፎቶ አንሺው ወፍራምና ተጫዋች ሰው ነበር፤ በምርመራ ክፍል ውስጥም ጨዋታውን አልተወም።

«እኔ የሰረቅሁት ነገር ቢኖር የባለቤቴን እንቅልፍ ነው፤ አንኮራፋለሁ። እሱንም ከሠርጋችን በፊት ነግሬያታለሁ።»

«ትናንት ከዐሥራ አንድ እስከ ዐሥራ ሁለት ሰዓት የት ነበርህ?»

«በእግሬ ወደ ቤቴ እየሄድሁ። ብቻዬን።» ፈገግታው ቀነሰ። «ጥሩ መልስ አይደለም፣ አይደል?»

«አይደለም። ከአንባቢው ጋር ምን ነበራችሁ?»

«ምንም። ትናንት ዐሥር ሰዓት ላይ ፎቶ አንሣልኝ አለኝ፤ ከድንጋዩ ላይ ሁለት ቃል ብቻ። መብራቱን ከጎን አድርገው፣ ጥላ ይውደቅበት አለኝ። አነሣሁለት፤ አየውና ዝም አለ። ደኅና ዋል እንኳ አላለኝም፤ እሱ እኮ ሰላምታ የማያጓድል ሰው ነበር።»

መርማሪው ይህን ጻፈ፤ አላሰበበትም። ወረቀቱ «ሰረቀ» ይላል፤ ስባሪው ጠፍቷል፤ ሰውዬው ያየው ምስክር የለውም። ፎቶ አንሺው ወደ ማረፊያ ክፍል ተወሰደ። መርማሪው ግን ጉዳዩ ያለቀ ሰው ዕረፍት አልተሰማውም፤ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ተነሣ፣ መስኮቱን ከፈተ፣ ዘጋው።

ከቀትር በኋላ የሟቹ ልጅ መጣች። ዕድሜዋ ሃምሳ ያህል ነው፤ በማተሚያ ቤት አራሚ ሆና ትሠራለች፤ ጣቶቿ በቀይ ቀለም ተበክለዋል።

«የሌባውን ነገር አይደለም የመጣሁበት» አለች። «አባቴን የት ልቅበረው? የምእመናኑ ማኅበር በመቃብሩ እንዳይቀበር ከለከለኝ። ሰብሳቢው ‹የምስክሩን ድንጋይ የሰበረ በምስክሮቹ መካከል አያርፍም› ብለዋል። እናቴ እዚያ ናት፤ ከጎኗ ቦታው ሠላሳ ዓመት ባዶ ቆይቶታል። እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ካልተፈቀደልኝ ሬሳውን ማዘጋጃ ቤት ወስዶ ወገን ከሌላቸው ጋር ይቀብረዋል።»

«እኅቴ፣ አባትዎ ድንጋዩን አልሰበሩም።»

«እኔማ ዐውቃለሁ። እሱ የተሰበረ ነገር ሲያይ እንኳ ያመዋል። እናቴ የሞተች ጊዜ ከሄድሁበት አገር የኀዘን ደብዳቤ ብጽፍለት በቀይ አርሞ መለሰልኝ። ከሥሩ ‹ልቤ ተሰብሯል፤ ተሰብሯል ግን በእሳቱ ሰ ነው› ብሎ ጽፎ።» ሣቀች፤ ሣቁ መንገድ ላይ ቀረ። «እርስዎ ያውቁታል። ሰው አያውቅም።»

መርማሪው ወረቀቷን አሳያት። ወደ መብራቱ አቅርባ ተመለከተችና ፊቷ ተለወጠ።

«ይህን ክስ ነው ያላችሁት?»

«ፎቶ አንሺው ብርሃን ይባላል።»

«አባቴ ሰው በቅጽል ስም ጠርቶ አያውቅም። ደግሞ ይህችን ነጥብ አላያችኋትም?»

ከሰ ፊደል በታች፣ ከብናኝ የማትበልጥ ቀይ ነጥብ ነበረች። መርማሪው ጠዋት አይቷት የቀለም ፍንጣቂ መስላው ነበር።

«ይህ የአራሚ ምልክት ነው፤ እኔም ከእሱ ነው የተማርሁት። የሌላ ሰው ስሕተት ሲገኝ እንዳለ ይገለበጣል፤ ከሥሩ ነጥብ ይደረጋል። የተሳሳተው እሱ አይደለም። የሆነ ቦታ ያነበበውን ነው የገለበጠው።»

መርማሪው ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወደ ማረፊያው ወረደ። ካሜራው ከፎቶ አንሺው ዕቃ ጋር ታሽጎ ነበር፤ ማኅተሙን ሰበረው። በካሜራው ትንሽ መስኮት ላይ የጎን መብራት የወደቀበት ድንጋይ ታየ፤ ጥላው እያንዳንዱን ጭረት አጉልቶታል። ብርሃን። ቀጥሎም፣ ለአራት ወር ሺህ ዐይኖች አልፈውት የሄዱት ፊደል፤ እሳቱ ሰ።

የጥንት ሰው ይህን ሊስት አይችልም፤ ለእርሱ ሁለቱ ፊደሎች እንደ በና እንደ ደ የተለያዩ ድምፆች ነበሩ። እንዲህ ሊሳሳት የሚችለው የዛሬ ሰው ብቻ ነው። የጠፋውም ስባሪ ይህን ፊደል የያዘው ነው።

«ዐሥር አለቃ» አለ። «ጠዋት ትክክል ነበርህ።»

«እኔ? መቼ?»

«የድንጋዩ ቃል ነው ስትል። እኔ ሰዋስው ስለማውቅ ተሳሳትሁ። ሰውዬውን ይቅርታ ጠይቀህ ልቀቀው።»

«ይቅርታውን እኔ ነኝ የምጠይቀው?»

መርማሪው የማረፊያውን ቁልፍ ራሱ አነሣ። «አይ» አለ። «እኔው እጠይቃለሁ።»

*

የማኅበሩ አዳራሽ ከግምጃ ቤቱ የኋላ በር ፊት ለፊት፣ ከጠባቡ መንገድ ማዶ ነበር። ሰብሳቢው በጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ተቀምጠው አገኛቸው፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት ሰዋስው ያስተማሩት በዚሁ ክፍል ነበር። ድምፃቸው ዛሬም ከጣሪያው ሥር ይመለሳል።

«ልጄ፣ ሰዋስውህ እንዴት ነው?»

«ዝጓል፣ አባቴ። ዛሬ አጋልጦኛል። የመጣሁት ስለ አንባቢው ቀብር ልለምንዎ ነው።»

«አብሮ አደጌ ነው፤ ይህን የምለው ሳልወደው ቀርቼ አይደለም። ግን ቃል ይበናል፣ ድንጋይ ይቀራል። እርሱ የሚቀረውን ሰበረ።»

«ሰብረውት ባይሆንስ?»

«ከሠላሳ ዓመት ወዲህ ልጆቻችን ‹ማስረጃው የት አለ?› እያሉ ከዚህ በር ወጡ። ድንጋዩ ሲገኝ ተመለሱ። አሁን ምን ልበላቸው?»

«ለደንቡ ያህል ሁሉንም እጠይቃለሁ። ትናንት ከዐሥራ አንድ ሰዓት በኋላ እርስዎ የት ነበሩ?»

«እዚሁ፣ ክፍል ውስጥ። ተማሪዎቼ ይመሰክራሉ።»

ደብተሮቹ በጠረጴዛው ላይ ተከምረው ነበር። መርማሪው የላይኛውን ገለጠ፤ አንድ ዐረፍተ ነገር አርባ ጊዜ ተጽፏል። ሁለተኛውንም ገለጠ። መልሶ ከደነው፤ አመሰገነና ወጣ።

*

በማግስቱ ማለዳ ከቁፋሮው ስፍራ ደረሰ። የቁፋሮው ኀላፊ፣ ሁሉ «ዶክተሯ» የሚላት፣ በጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ አፈር የምታስነፋ ቀጭን ሴት ነበረች። ፎቶውን አሳያት። ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው፤ ከዚያ በባልዲ ላይ ተቀመጠች።

«አራት ወር ሙሉ አየሁት» አለች። «ቃሉን ስለማውቀው ፊደሉን አላነበብሁትም።»

«እርስዎ ታሪኩ ተረጋግጧል ብለው ነበር?»

«በፍጹም። ጉድጓድ አግኝተናል፤ ጉድጓዱም ጥንታዊ ነው። ሰው ተደብቆበት ሊሆን ይችላል፤ ገመድ የተበጠሰበት ባልዲም ወድቆበት ሊሆን ይችላል። አካፋ ግንብ ያገኛል። ብርሃን ወጣ አልወጣ አካፋ አያውቅም።»

«ታዲያ ጋዜጦቹን ለምን አላረሟቸውም?»

ዐይኗን ወደ ጉድጓዱ መለሰች። «ቁፋሮው ሊዘጋ ነበር። ከጋዜጦቹ በኋላ ይዘጋ ያለ ሰው የለም። ዝም ማለት ውሸት አይመስለኝም ነበር።»

«አሁንስ?»

ከባልዲው ተነሥታ የእጇን አፈር አራገፈች። ከትናንት በስቲያ ማታ በሁለት መቶ ሰው ፊት ንግግር ስታደርግ እንደ ነበር፣ ድንጋዩን ያገኙት ማኅበሩ ለእርዳታ የላካቸው በጎ ፈቃደኞች እንደ ነበሩ ግን ነገረችው። በዚያው ዕለት ዐሥር ሰዓት ተኩል ላይ አንባቢው ደውሎ «ነገ እንገናኝ፤ በአንዲት ፊደል ላይ ቃል አለኝ» ብሏት ነበር።

«ለማን ነገሩ?»

«ለሰብሳቢው ብቻ። ምንጊዜም ስለ ድንጋዩ አዲስ ነገር ካለ ንገሪኝ ይሉኛል። ወዲያው ደወልሁላቸው።»

*

ከመቃብሩ በር ፊት ለፊት ሦስት ድንጋይ ጠራቢዎች ይሠራሉ። የሁለቱን ሱቅ መርማሪው ከበሩ ላይ አይቶ አለፈ። በሦስተኛው ዘንድ ለሽያጭ በቆመ የመቃብር ድንጋይ ላይ «በፀሎት የኖረች» የሚል አነበበ፤ በጸሎቱ ጸ ፈንታ የፀሐዩ ፀ ገብቶበታል፤ በዚያ ቆመ።

«ይህን ሥራ ታውቀዋለህ?» ብሎ ፎቶውን አሳየው።

ጠራቢው አቧራውን ከዐይኑ ጠረገ። «የኔ እጅ ነው። ያረጀ ይምሰል አሉኝ፤ አሲድ ቀባሁት። ለአዳራሽ ጌጥ ነው ብለውኝ ነበር። ምነው፣ ጠፋ?»

«ጋዜጣ አታነብም?»

«ካልተከፈለኝ ፊደል አላይም።»

«ቃሉን ማን ጽፎ ሰጠህ?»

«ማንም። በስልክ ነው የነገሩኝ፤ በወረቀት ላኩልኝ ብላቸው እምቢ አሉ። እንደ ሰማሁት ቀረጽሁት።»

«በየትኛው ሰ እንደ ሆነ አልጠየቅኸውም?»

«ስንት ሰ አለ?»

መርማሪው ምላሱን ነከሰ። «ድምፁስ?»

«ተቀምጬ ነበር፤ ሲናገሩ ሳላውቀው ተነሣሁ። በዚህ ዕድሜዬ ‹ልጄ› ይሉኛል። ደኅና አድርገህ ቅረጸው፣ ቃል ይበናል፣ ድንጋይ ይቀራል አሉኝ። ለሱቄ መፈክር ላደርገው ዐስቤ ነበር።»

የመርማሪው ሰዓት አራት ተኩል ይል ነበር።

*

ሰብሳቢው ሰሌዳውን እየጠረጉ ነበር።

«አባቴ፣ አንድ ጥያቄ። ሠረቀና ሰረቀ በምን ይለያሉ?»

«ይህን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። አንዱ ወጣ፣ አንዱ ሰረቀ።»

«በምን እናውቃቸዋለን?»

«በፊደላቸው።»

«በስልክስ?»

ጨርቁ በሰሌዳው መካከል ቆመ።

«በእጅዎ ጽፈው ቢሰጡት ኖሮ» አለ መርማሪው፣ «ጠራቢው እንደ እርስዎ አድርጎ በቀረጸው ነበር፤ አንባቢውም ምንም ባላገኘ ነበር። ወረቀት እንዳይቀር ብለው ለጆሮ ሰጡት። ጆሮ ደግሞ እርስዎ ያስተማሩንን አያውቅም።»

«እኔ በዚያ ሰዓት ክፍል ውስጥ ነበርሁ።»

«ደብተሮቹን አየሁ። አንዱን ዐረፍተ ነገር አርባ ጊዜ ጻፉ የሚሉን ትተውን ሲወጡ ብቻ ነበር። እኔም በዚያ ወንበር ተቀምጬ ጽፌአለሁ። አንድም ቀን በፊታችን ቆመው አላስጻፉንም። ዛሬ ማለዳ ዐሥር አለቃዬ ከተማሪዎቹ ሦስቱን ጠይቋል፤ አስጽፈውን ወጡ ብለዋል።»

ሽማግሌው በተማሪ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ወንበሩ ጠበባቸው።

«ለመንሁት» አሉ። «የኋላውን በር ራሱ ከፈተልኝ። አንዲት ፊደል ናት፣ ተዋት አልሁት። ‹ፊደሏን ብተዋት እንኳ ያስቀረጽሃትን አንተን እንዴት እተውሃለሁ?› አለኝ። ገፋሁት እንጂ ልገድለው አላሰብሁም።»

«አምናለሁ።»

«ድንጋዩ ሐሰት ነው፤ ታሪኩ ግን እውነት ነው፣ ልጄ። በእናትህ አፍ ሰምተኸዋል።»

«ሰምቻለሁ። እውነት ከሆነ ሐሰተኛ ምስክር ለምን አቆሙበት? ያለ ድንጋይ ሺህ ዓመት ቆሞ ነበር። አሁን ድንጋዩ ሲወድቅ በላዩ የተደገፈው ሁሉ አብሮ ይወድቃል። ያ የርስዎ ሥራ ነው እንጂ የአንባቢው አይደለም።»

ሽማግሌው የጠመኔውን ብናኝ ከመዳፋቸው ጠረጉ።

«መግፋቱ የአንድ አፍታ ነው» አለ መርማሪው፤ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻከረ። «መዶሻውን ከእጁ አጠገብ ማኖር ግን በዝግታ የሚሠራ ሥራ ነው። መቃብር መከልከል ደግሞ አድሮ የታሰበ ነው። ከሚስቱ ጎን ሠላሳ ዓመት የጠበቀውን ቦታ።»

ሰብሳቢው ተነሡ፤ ከመጽሐፍ ሣጥናቸው በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። በውስጡ የሁለት ጣት ስፋት ያለው ስባሪ ነበር።

«ወንዝ ልጥለው ሁለት ጊዜ ወጣሁ» አሉ። «‹ብርሃን› ከሚለው ቃል ግማሹ አለበት። እጄ እምቢ አለኝ።»

ከዚያ ወረቀት ጠየቁ። የቀብሩን ፈቃድ በቁማቸው ጽፈው ፈረሙና ሰጡት። መርማሪው እንደ ልማዱ አነበበው። ፊደሉ ሁሉ በቦታው ነበር።

*

አንባቢው ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ከሚስቱ ጎን ተቀበረ። ቀባሪው ዐሥራ ሁለት ሰው አይሞላም፤ ፎቶ አንሺው ያለ መብራት መጥቶ ነበር፤ ዶክተሯም ከሩቅ ቆማ ነበር፤ በእጇ ለጋዜጦቹ የጻፈችው ደብዳቤ አለ።

«ታዲያ ጌታዬ» አለ ዐሥር አለቃው በሹክሹክታ፣ «ብርሃኑ ወጥቷል ወይስ አልወጣም?»

«ድንጋይ የሚነግርህ ማን እንደ ጠረበው ነው። ከዚያ ያለፈውን ድንጋይ አትጠይቅ።»

«እርስዎን ብጠይቅስ?»

መርማሪው ጎንበስ ብሎ አንድ እፍኝ አፈር አነሣና ወደ ጉድጓዱ በተነ።

ሰዉ ሲበተን ድንጋይ ጠራቢው ከበሩ ማዶ ተሻግሮ መጣ፤ መሮውን እንደ ባርኔጣ በሁለት እጁ ይዟል። ለሽማግሌው መቃብር ያለ ዋጋ ልሥራ አለ። ልጅቱ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ፣ በጉልበቷ ላይ አስደግፋ፣ ሁለት መስመር ጽፋ ሰጠችው።

ጠራቢው ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አዞረ፤ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። ሊሄድ ሁለት እርምጃ ተራመደና ተመለሰ።

«እትዬ» አለ፣ ጣቱን ከአንዲት ፊደል ሥር አኑሮ፤ «ይህቺ የትኛዋ ሰ ናት?»